ከዓባይ ዳገት በኋላ ባቴ ተሳሰረ፤ ልታሽ ወይስ ልተኛ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። የጻፈው ወጣት እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሳይክላችንን ይዘን ደጀን ሄድን። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ወርደን በዚያው ቀን ተመልሰን ወጣን። ዳገቱን ግማሹን እየነዳሁ ግማሹን እየገፋሁ ነው የጨረስኩት። ማታ ድካም እንጂ ሕመም አልነበረኝም። እሑድ ጠዋት ስነሳ ግን ሁለቱም ባቶቼ ድንጋይ ሆነዋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ አሁንም ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነው። አንዱ ላክቲክ አሲድ ነው፣ ሎሚ ጠጣ ይለኛል። አንዱ ወጌሻ ጋ ሄደህ ታሽ ይለኛል። አንዱ ዲክሎ ተወጋ ይለኛል። እኔ ራሴ ስለጥጠው ደግሞ ይብስብኛል። ሳይክሉ የታላቅ ወንድሜ ነው፣ በቁመት ይበልጠኛል፣ ኮርቻው ዝጎ አልወርድም ብሏል። ጫማዬ ሸራ ነበር። የፊታችን ቅዳሜ አማኑኤል ከተማ ደርሰን ልንመለስ ተነጋግረናል። መሄድ እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ተመለስክ። ያን መንገድ በከባድ መኪና መሀል ወርዶ መውጣት ቀልድ አይደለም። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ከፍታ ብቻ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ጥያቄህን ስላብራራኸው ደስ ብሎኛል፣ በተለይ የኮርቻውንና የጫማውን ነገር ባትጽፈው ኖሮ ግማሹን መልስ አላገኘውም ነበር። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የምሠራው ባሕር ዳር ነው፣ ሳይክል የሚነዳ ሰው እግር ማየት የዘወትር ሥራዬ ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ሕመሙ በሁለቱም ባት ነው ብለሃል። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ሁለቱም እግር እኩል ሠርቷል፣ ሁለቱም እኩል ታሟል። በማግስቱ ጀምሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መክበዱም የተለመደው የጡንቻ ሕመም መንገድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ አንድ ባት ብቻ ሲሆን ነው። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሌላኛው ይልቅ ከሞቀ፣ ከቀላ፣ ቁጭ ብለህም ተኝተህም ሕመሙ የማይለቅህ ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ወጣትና ስፖርተኛ መሆን ከዚህ ነጻ አያደርግም፣ በተለይ ሰውነት ውሃ ካነሰውና በማግስቱ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ እግር ታጥፎ ከተቀመጠ።

ቤት ውስጥ የምታደርገው ቀላል መለኪያ አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስ፣ ከሌለ ክር ይበቃል። ከጉልበትህ በታች ፊት ለፊት ያለችውን የአጥንት ጉብታ ፈልግ። ከእሷ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ውረድና ባትህን ዙሪያውን ለካ። ሌላውንም እዚያው ቦታ ላይ ለካ። ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አታሸው፣ አትለጥጠው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ከዚህ ጋር ትንፋሽ የሚያጥርህ ወይም ደረትህን የሚወጋህ ከሆነ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሽንትህንም እይ። ይሄን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ዓባይ በረሃ ውስጥ በዚያ ሙቀት ከአቅም በላይ የሠራ ጡንቻ አንዳንዴ ከልክ በላይ ይጎዳል፣ የጡንቻው ውስጥ ፕሮቲን ወደ ደም ይፈስና ኩላሊትን ያውካል። ምልክቱ የጠቆረ ሻይ ወይም ኮካ የሚመስል ሽንት ነው። ባቱ ወይም ጭኑም እያበጠ ይሄዳል፣ አቅም ይከዳል። ይሄ በቤት ውስጥ አይታከምም። ሽንትህ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ግን በዚህ በኩል አትጨነቅ።

ሌላው የጡንቻ መበጠስ ነው። እሱ ራሱን ይናገራል። እየነዳህ ወይም እየገፋህ እያለ ድንገት ከኋላ የተመታህ ያህል ይሰማሃል፣ አንዳንዴ ጧ የሚል ድምፅ አለው፣ ያኔውኑ ትቆማለህ፣ በቀናት ውስጥም ቆዳው ይበልዛል። አንተ ማታ ደህና ሆነህ ተኝተህ ጠዋት ነው የያዘህ። ስለዚህ ያንተ ይሄ አይደለም።

ያንተ ብዙ ሰው «ድካም» ብሎ የሚያልፈው፣ ዘግይቶ የሚመጣው የጡንቻ ሕመም ነው። ከከባድ ሥራ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይብሳል፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ይለቃል። አንተ አሁን ጣሪያው ላይ ነህ። ከዚህ በኋላ መውረድ ነው።

የላክቲክ አሲዱን ወሬ እንተወው። እርግጥ ነው ዳገት ላይ ጡንቻ ሲቃጠል ላክቴት ይመረታል። ግን ዳገቱን ጨርሰህ ካረፍክ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከደምህ ይጠፋል። ልብና ጡንቻ እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል። እሑድ ጠዋት ባትህ ውስጥ የቀረ አሲድ አልነበረም። ሎሚ በውሃ ውስጥ ጨምረህ መጠጣት ክፋት የለውም፣ ትንሽ ጨውና ስኳር ካከልክበት እንዲያውም ለጠፋው ላብ ጥሩ ነው። ግን ከባትህ ውስጥ የሚያጥበው ነገር የለም።

ታዲያ ምንድነው ያመመህ? ባት አንድ ጡንቻ አይደለም። ከላይ የሚታየው፣ ቆመህ ተረከዝህን ስታነሳ ሁለት ሆኖ የሚወጣው ጋስትሮክኔሚየስ ይባላል። ከጉልበት በላይ ይጀምርና ተረከዝ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ደግሞ ሶሊየስ የሚባል ሰፋ ያለ ጡንቻ አለ፣ እሱ ከጉልበት በታች ነው የሚጀምረው። ሁለቱ ታች ተገናኝተው አንድ ወፍራም የተረከዝ ጅማት ይሆናሉ። ይሄን ልዩነት ያዝልኝ፣ ኋላ ስለ መለጠጥ ስናወራ ያስፈልገናል።

ጡንቻ በጣም የሚጎዳው ሸክም ይዞ ሲረዝም ነው። እያጠረ ሲሠራ ይደክማል እንጂ ብዙም አይቆስልም። ስለዚህ ሜዳ ላይ ፔዳል መምታት ብቻውን ባትን ለሦስት ቀን አያሳምምም። አንተ ያደረግከውን አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ወረድክ። ሁሉም ሰው ዳገቱን ይወቅሳል፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ቁልቁለቱን ነው። ያ አስፋልት ብዙ ቦታ በከባድ መኪና ጎማ ተጨፍልቆ ማዕበል ሠርቷል። ሰው እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ኮርቻው ላይ አይቀመጥም፣ ፔዳሉ ላይ ቆሞ በእግሩ እየቀለበ ነው የሚወርደው። በእያንዳንዱ ጉብታ ተረከዝህ ወደ ታች ይወርዳል፣ ባትህ ደግሞ እየተለጠጠ ክብደትህን ይይዛል። ይሄን ድልድዩ እስኪደርስ ድረስ ደጋግመው። ንፋሱ ፊትህን እየመታህ፣ ልብህ ሳይደክም፣ ደስ እያለህ ባትህ ግን ሙሉ ቀን ሠርቶ ጨርሷል።

ከዚያ ወጣህ፣ በታላቅ ወንድምህ ኮርቻ። ኮርቻ ከፍ ሲል ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር አይበቃውም። የማይበቃው እግር ምን ያደርጋል? ጣቶቹን ወደ ታች ይጠቁማል። ከጎን ሆኖ ላየው ሰው በጣም ግልጽ ነው፣ ተረከዙ በእያንዳንዱ ዙር ሽቅብ ይሰቀላል፣ ዳሌው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። እንደዚያ ሲሆን ጭንና መቀመጫ ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ ባት ይወስደዋል። በዚያ ላይ ሸራ ጫማ። ሶሉ ስስ ስለሆነ ፔዳሉ ላይ ይታጠፋል፣ ያንን መታጠፍ የሚይዘውም ያው ባትና የውስጥ እግር ነው።

ሲያቅትህ ደግሞ ወርደህ ገፋህ። ዳገት ላይ ሳይክል የሚገፋ ሰው ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ እግሩ ከኋላ ይቀራል፣ ተረከዙ ወደ ታች ይዘልቃል፣ ባቱ ተለጥጦ ባለበት ነው ሙሉ ክብደትና ሳይክል የሚገፋው። ሦስቱን ደምራቸው። ባትህ ባይታመም ነበር የሚገርመኝ።

እዚህ ባሕር ዳር የምናየው ሌላ ነው። ሜዳ ስለሆነ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ፣ ሲቆም እግሩ መሬት እንዲነካ አድርጎ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ አብዛኛው የሚመጣልኝ ጉልበቱን ይዞ ነው። ባት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ዳገት ወጥቷል፣ ወይ የሰው ሳይክል ተውሷል።

አሁን ወደ ዛሬው ማክሰኞ። ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው፣ ግን ለስላሳ እንቅስቃሴ። ባት ደምን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋ ጡንቻ ነው፣ ሲንቀሳቀስ እብጠቱም ግትርነቱም ይቀንሳል። ሙሉ ቀን ተኝተህ ስትነሳ እኮ ነው የሚብስህ፣ ትንሽ ስትራመድ ደግሞ ላላ ይላል፣ አይደል? በእሱ ላይ ነው የምንሠራው። በየሰዓቱ ቁጭ ባልክበት ቁርጭምጭሚትህን ወደ ላይና ወደ ታች ከ20 እስከ 30 ጊዜ አንቀሳቅስ። ጠዋትና ማታ ሜዳ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተራመድ። ሳይክል መንዳት ካማረህ ከነገ ጀምሮ በቀላሉ ማርሽ፣ ሜዳ ላይ፣ ላብ ሳይመጣ ሩብ ሰዓት ንዳ። ሕመሙን ከ10 ብትሰጠው ከ3 በላይ የሚያደርስህ ነገር ለዛሬ በዝቷል ማለት ነው።

መለጠጥ። «ስለጥጠው ይብስብኛል» ያልከው ትክክል ነው፣ ሰውነትህ እውነቱን ነው የነገረህ። ጡንቻው የተጎዳው ሲለጠጥ ነው፣ አንተ ደግሞ እዚያው ላይ በጉልበት እየጎተትከው ነው። ደግሞም መለጠጥ ይሄን ዓይነት ሕመም ብዙም እንደማያሳጥር ተደጋግሞ ታይቷል። የሚጠቅመው ለግትርነቱ ነው። ስለዚህ እስከ ሐሙስ ድረስ በጣም በለሆሳስ፣ መሳቡ እስኪሰማህ ድረስ ብቻ፣ እስኪያምህ አይደለም። መንጠር የለም፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ወደ ታች መጣልም ለአሁኑ ይቅር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰውነትህን አሙቅ፣ ከእግር ጉዞው በኋላ አድርገው። ግድግዳ ፊት ቁም፣ ሁለቱንም እጅህን ግድግዳው ላይ አድርግ። አንድ እግርህን ወደ ኋላ ውሰድ። የኋላው ጉልበት ቀጥ ይበል፣ ተረከዙ መሬት ይንካ፣ ጣቶችህ ወደ ግድግዳው ይመልከቱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ የኋላ እግሩን ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ያኔ መለጠጡ ባቱን ትቶ ወደ ውስጥ እግር ይሄዳል። አሁን የፊቱን ጉልበት ቀስ እያልክ እጠፍ፣ 30 ሰከንድ ያዝ። ይሄ የላይኛው ጡንቻ ነው። ከዚያ የኋላውን እግር ግማሽ ጫማ ያህል ወደ ፊት አምጣና አሁን የኋላውን ጉልበትም እጠፍ፣ ተረከዝህ ግን እንዳይነሳ። መሳቡ ወደ ታች፣ ወደ ጅማቱ አካባቢ ሲወርድ ይሰማሃል። ሶሊየስ እሱ ነው። ጉልበት ካልታጠፈ ሶሊየስ በደንብ አይለጠጥም፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ለጥጬ ለጥጬ አልላላ አለኝ የሚለው። እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ስለ ወጌሻው። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ብዙዎቹ ጥሩ እጅ አላቸው፣ ወለምታ ሲያዩ በጣታቸው የሚለዩ አሉ። ቅቤ ወይም ቅባት ቀብቶ በቀስታ፣ ከተረከዝ ወደ ጉልበት፣ ለአሥር ደቂቃ የሚያሽ ከሆነ ሂድ፣ ይጠቅምሃል። ማሸት ይሄን ሕመም ትንሽ እንደሚያቃልል የሚታወቅ ነው። ችግሩ «ቋጠሮውን ካላፈረስኩ» የሚለው ነው። የቆሰለ ጡንቻ ሲነካ ይጠነክራል፣ ራሱን እየጠበቀ ነው፣ እሱ የሚፈርስ ቋጠሮ አይደለም። እንዲህ ታሽተው የመጡ ወጣቶች አይቻለሁ፣ ባታቸው ላይ የአውራ ጣት አሻራ በሰማያዊ ተቀምጦ፣ በሳምንት ሊድን የነበረው ሌላ ሁለት ሳምንት ጨምሮ። ከሄድክ አስቀድመህ ንገረው፣ «የሳይክል ድካም ነው፣ በቀስታ» በል። ካመመህ አስቁመው፣ አትፈር፣ ጥርስህን ነክሰህ አትቻል። አንድ እግር ብቻ ያበጠበት ሰው ግን ጨርሶ መታሸት የለበትም፣ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ራስህም ማሸት ትችላለህ። አንድ ሃይላንድ ውሃ ሙሉውን ክዳኑን አጥብቀህ መሬት ላይ አጋድመው። ቁጭ በልና ባትህን በላዩ አድርግ፣ ሁለት እጅህን ከኋላ ተደግፈህ ከተረከዝህ በላይ ጀምሮ ከጉልበት መታጠፊያ በታች እስካለው ድረስ አንከባለው። ለእያንዳንዱ እግር አንድ ሁለት ደቂቃ። የጉልበት መታጠፊያው ውስጥ አትግባ፣ እዚያ ደም ሥርና ነርቭ አለ። ጠንከር ያለ ቦታ ስታገኝ ቆም በል፣ ተንፍስ፣ ቁርጭምጭሚትህን ቀስ ብለህ ከፍ ዝቅ አድርግ፣ ሲለቅ ይሰማሃል። የሊጥ መዳመጫም ይሠራል፣ እናትህ ከፈቀደች።

ሙቀት ወይስ ቅዝቃዜ? ሁለቱም የሚያስታግሱ እንጂ የሚያድኑ አይደሉም። በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ኖሮ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እግርህን ንከር እልህ ነበር፣ የማርቆስ የማለዳ ውሃ ለዚህ ይበቃል፣ በረዶ ፍለጋ አያስኬድም። አሁን በአራተኛው ቀን ግን ሙቀት ይሻልሃል። ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ወይም ፎጣ በሙቅ ውሃ አርሰህ ጨምቀህ ጠቅልለው፣ ከዚያ ያቺን ለስላሳ መለጠጥ ሥራ። ማታ ለብርዱ እግርህን በጋቢ ሸፍነህ ተኛ። እንቅልፍ ደግሞ በቀላሉ አትየው፣ ጡንቻ በብዛት የሚጠገነው ያኔ ነው።

ዲክሎ መርፌ? ለዚህ አያስፈልግም። በራሱ ለሚለቅ ሕመም መርፌ መወጋት፣ ጨጓራንና ኩላሊትን ማስቸገር ነው፣ መርፌው ራሱም ቂጥ ላይ ሌላ ሕመም ያስቀምጣል። በተለይ በረሃ ውለህ ላብህ ያለቀ ዕለት ዲክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ጥሩ አይደሉም፣ ውሃ ያነሰውን ኩላሊት ይጎዳሉ። እንቅልፍ ከነሳህ ፓራሲታሞል ዋጥ። ከፋርማሲ የዲክሎፌናክ ቅባት ገዝተህ ባትህን ብትቀባም ችግር የለውም፣ ሆድህ ውስጥ እንደሚገባው ኪኒን አይደለም። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ፋርማሲስቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ምግቡ ላይ አልረዝምም። እንጀራና ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ባሕር ዳር ላለ ሰው ዓሣ፣ ሁሉም ይሠራል። ጾም ከሆነም ጥራጥሬውን ጨምር እንጂ አትስጋ። ዋናው ነገር ከጉዞ መልስ ሆድን ባዶ አድርጎ አለመተኛት ነው። በሶ በውሃ በጥብጠህ፣ ትንሽ ጨውና ማር ጨምረህ ወዲያው ጠጣ፣ ከዚያ ደህና እራት ብላ። «ድካም ያወጣል» ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ግን የጡንቻውን ጥገና ያዘገያል፣ እንቅልፍንም ይረብሻል፣ ለሌላ ቀን ይቆይ።

የሳይክሉን ነገር ሳላስተካክል ብለቅህ ግን የሚቀጥለው ወር እንደገና ትጽፍልኛለህ። ኮርቻው ይውረድ። የዛገውን ቱቦ በመዶሻ አትምታው። ብሎኑን አላላው፣ ኮርቻው ወደ ፍሬሙ በሚገባበት ዙሪያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስስበት፣ አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ኮርቻውን በሁለት እጅ ይዘህ ግራና ቀኝ እያዞርክ ሳበው። እምቢ ካለ ሳይክል ጠጋኝ ጋ ውሰደው፣ ቀላል ሥራ ነው። ከፍታውን ስታስተካክል ጓደኛህ ሳይክሉን ይያዝልህና ኮርቻው ላይ ተቀመጥ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ወደ ታች አድርሰው። በዚያ ጊዜ እግርህ ቀጥ ብሎ ዳሌህ ሳያጋድል መድረስ አለበት። ከዚያ ከጣቶችህ ሥር ያለውን ወፍራሙን የውስጥ እግር ፔዳሉ ላይ ስታደርግ ጉልበትህ ትንሽ ይታጠፋል። ልኩ እሱ ነው። ጓደኛህ ከጎን ሆኖ ይይህ፣ ስትነዳ ተረከዝህ ሽቅብ የሚሰቀል ከሆነ ገና ከፍ ብሏል።

ባትህ ቶሎ የሚደክም ከሆነ እግርህን ፔዳሉ ላይ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አስገባው። ፔዳሉ ወደ መሀል እግርህ ሲጠጋ ባት የሚይዘው ሸክም ይቀንሳል፣ ጭን ይረከበዋል። ጫማም ሶሉ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ውድ መሆን የለበትም። ማርሽ ላይ ደግሞ ኩራት ይቅር። ከባዱን ማርሽ ይዞ በደቂቃ 50 ዙር ከሚታገል ሰው፣ ቀላሉን ይዞ 80 የሚያሽከረክር ሰው ባቱ ደህና ያድራል።

ቅዳሜ ስለመሄድህ፦ እኔ «አዎ» ወይም «አይ» ከምልህ ባትህን ጠይቀው። ሐሙስ ግማሽ ሰዓት በቀላሉ ንዳ። ዓርብ ጠዋት ስትነሳ ካልባሰብህ፣ ግድግዳ ሳትይዝ ደረጃ ከወረድክ፣ በአንድ እግርህ ቆመህ ተረከዝህን 15 ጊዜ ያለ ሕመም ካነሳህ፣ ሂድ። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ጓደኞችህን ሸኛቸው፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ። ሕመም ከለቀቀም በኋላ የጡንቻው አቅም ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ጥቂት ቀን ስለሚፈልግ አማኑኤልም ቢሆን ከፊት አትምራ፣ ከኋላ ሁን። እስከሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ድረስ ምንም ካልተሻለህ ወይም ሕመሙ ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ ያለው ጅማት ላይ ከተቀመጠ፣ ጠዋት ስትነሳም የመጀመሪያው እርምጃ የሚወጋህ ከሆነ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ሰው ይየው።

ደስ የሚል ዜናም አለ። እንዲህ የተጎዳ ጡንቻ ሲድን ራሱን ያዘጋጃል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ያንኑ ሥራ ብትደግመው ሕመሙ በጣም ያነሰ ነው። ይሄን ዕድል በሥራ ያዘው። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀህ በኋላ የደጃፍ ደረጃ ጫፍ ላይ በውስጥ እግርህ የፊት ክፍል ቁም፣ በሁለት እግር ተነሳ፣ አንዱን አንሳና በአንዱ ቀስ እያልክ ሦስት ቆጥረህ ውረድ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ቀን እየዘለልክ። አንዱን ቀን ጉልበትህን ቀጥ አድርገህ፣ ሌላውን ቀን ትንሽ አጥፈህ። ሲቀልህ ጀርባህ ላይ ቦርሳ አድርግና ሁለት ሃይላንድ ውሃ ክተትበት። ባት የሚጠነክረው እየተለጠጠ ሸክም መያዝን ሲለምድ ነው፣ የዓባይ ቁልቁለትም የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

እና እንደገና ደጀን ስትመለስ በጨለማው ሳይሆን ገና ሲነጋ ተነሱ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ድልድዩ ጋ ድረሱ። ስትወርድ ፔዳሉን በመሀል እግርህ ርገጥ፣ በጣቶችህ አይደለም። አንድ እግርህን ብቻ ከፊት አድርገህ አትውረድ፣ በየጥቂት ደቂቃው ቀያይር፣ በየመሀሉ ቆም በል፣ ፍሬኑም ይቀዝቅዝ፣ ባትህም ይረፍ። ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር አታሳንስ፣ ጨው ያለው ይሁን። ስትወጣ ደግሞ እግርህ እስኪከዳህ አትጠብቅ። ገና ጉልበት እያለህ ወርደህ ትንሽ ግፋ፣ ስትገፋ እርምጃህን አሳጥር፣ ቀና በል፣ ክንድህን ሙሉ ዘርግተህ አታጎንብስ፣ ከዚያ እንደገና ውጣበትና ንዳ።